በመዳፏ የምትሰማው ትርሲት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። የዛሬው ታሪክ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ ትከሻም ይፈልጋል፣ መዳፍም ይፈልጋል።

በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች።

አባቷ አቶ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ «ድርርር፣ ድርርር» ይላል።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ክር ይቆርጣሉ፣ እየሠሩም ያንጎራጉራሉ።

ትርሲት ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወታለች። «ክር፣ በር፣ ጠጠር፣ ጥጥር» እያለች ቃል ታጋጥምና ለብቻዋ ትስቃለች።

ስድስት ዓመት ሲሆናት ታመመች። ግንባሯ እንደ ምጣድ ጋለ።

እናቷ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አደረጉ። አባቷ መኪናቸውን አቁመው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ።

ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ መድኃኒት ተሰጣት። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ለቀቃት።

ትርሲት ነቃች። ግን ሁሉ ነገር ጨለማ ነበር።

«እማዬ፣ መብራት አብሪልኝ» አለች። መብራት አልበራላትም።

«እማዬ፣ ለምን ዝም ትይኛለሽ?» አለች። መልስ አልመጣም።

የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችም። ልቧ ድም ድም፣ ድም ድም አለ።

«ሁሉም ሰው ሄደ እንዴ?» ብላ አሰበች። «ጥለውኝ ሄዱ እንዴ?»

እናቷ ግን እዚያው ነበሩ። «መብራቱ በርቷል የኔ ልጅ፤ እኔም እያወራሁሽ ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ያ ክፉ ትኩሳት ሲሄድ፣ የትርሲትን ማየትና መስማት ይዞ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ለትርሲት ሁሉም ነገር ድንገት ሆነባት።

ማንኪያ ድንገት ከንፈሯን ይነካል። ሸሚዝ ድንገት በራሷ ላይ ይወርዳል።

አንድ ሰው ድንገት ብድግ አድርጎ ያቅፋታል። ማን ይሆን? አታውቅም።

«ማነው? ማነው?» ትላለች። ልቧ ድም ድም፣ ድም ድም ይላል።

ስለዚህ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ መያዝ ጀመረች። እናቷ ወደ ጓዳ ሲሄዱ ትርሲትም ወደ ጓዳ ትሄዳለች፤ እናቷ ወደ ደጅ ሲወጡ ትርሲትም ወደ ደጅ ትወጣለች።

አንድ ቀን ገበያ ሄዱ። ሽንኩርት ይሸታል፤ ዓሣ ይሸታል፤ ሰው ከዚህም ከዚያም ይገፋል።

በግፊያው መሃል ቀሚሱ ከእጇ አመለጠ።

ትርሲት እጇን ዘረጋች። ቀሚስ አገኘችና ያዘች።

ግን የእናቷ ቀሚስ ለስላሳ ነው፤ ይህኛው ሻካራ ነው። የሌላ ሰው ቀሚስ ነበር።

ቀሚሱ ተነቃነቀና ሄደ። ትርሲት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ» አለች። ልቧ ድም ድም፣ ድም ድም፣ ድም ድም።

እናቷ ሮጠው መጡና አነሧት። ትርሲት ግን ማን እንዳነሣት አላወቀችምና ቤት እስኪደርሱ ድረስ ጮኸች።

አመሻሽ ላይ አቶ ማርቆስ ሚስታቸውን «አስካለ፣ ይህች ልጅ ማን እንደመጣ ማወቅ አለባት» አሏቸው።

«እንዴት አድርገን?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አታይ፣ አትሰማ።»

«ትከሻ አላት» አሉ አቶ ማርቆስ።

ወደ ልጃቸው ቀረቡ። ትከሻዋን በሁለት ጣታቸው በቀስታ መታ መታ አደረጉት፦ ታ። ታ።

ልጆች፣ እስቲ እናንተም የአጠገባችሁን ሰው ትከሻ ንኩ። ቀስ ብላችሁ፦ ታ። ታ።

ከዚያ አባቷ የትርሲትን እጅ ይዘው አንገታቸው ላይ ወደተንጠለጠለው የልብስ መለኪያ ሜትር ወሰዱት።

ትርሲት ሜትሩን ዳሰሰች። «አባዬ ነህ?» አለች።

ታ። ታ።

እናቷም መጡ። ታ። ታ። የትርሲትን እጅ ወስደው ረጅሙ ጉንጉናቸው ላይ አኖሩት።

«እማዬ ነሽ» አለች ትርሲት። ከታመመች ወዲህ ፈገግ ያለችው ያን ቀን ገና ነው።

አሁን ማን እንደመጣ ታውቃለች። ግን ምን እንደሚሏት አታውቅም።

«አባዬ፣ ዛሬ ዝናብ ነው ፀሐይ? እራት ምንድን ነው? ደግሞ ሐይቁ አሁንም አለ?» ትጠይቃለች። መልስ የለም።

አቶ ማርቆስ መኪናቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወፍራም ክር አወጡ፤ ወፍራም ጨርቅ ዘረጉ።

«ድርርር» አለ መኪናው። «ድርርር፣ ድርርር።»

ጨርቁ ላይ በወፍራሙ ክር አንድ ፊደል ሰፉ፤ ክሩ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ስለወጣ በጣት ይዳሰሳል።

ታ። ታ። የትርሲትን ጣት ይዘው ክሩ ላይ አስኬዱት፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ታች።

ትርሲት ሳትታመም በፊት ፊደል ጀምራ ነበር። ጣቷ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ይህቺማ «ት» ናት» አለች። «የስሜ መጀመሪያ።»

አባቷ ሌላ ፊደል ሰፉ፤ ሌላም፣ ሌላም። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ውስጥ ፊደል ያልተሰፋበት ጨርቅ ጠፋ፤ ትራሱም፣ መጋረጃውም፣ የአባቷ ሽርጥም ፊደል በፊደል ሆነ።

ሁሉንም ፊደል ካወቀች በኋላ ጨርቅ አላስፈለጋትም። እናቷ መዳፏን ዘርግተው በጣታቸው ቀስ እያሉ ጻፉበት።

አ።

ለ።

ሁ።

«አለሁ» አለች ትርሲት። «እማዬ፣ አለሁ ነው ያልሽኝ?»

እናቷ ደግመው ጻፉ። አ። ለ። ሁ።

ትርሲት የእናቷን እጅ ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዋ መልስ አገኘ። «ዛሬ ዝናብ ነው?» ስትል፣ መዳፏ ላይ «ፀሐይ» ይጻፋል። «እራት ምንድን ነው?» ስትል፣ «ሽሮ» ይጻፋል።

«ዛሬም ሽሮ?» ትላለች። «አዎ፣ ዛሬም» ይላል መዳፏ።

ደግሞም እንደ ድሮው ቃል ማጋጠም ጀመረች። አንድ ቀን በር ላይ ቁጭ ብላ እንዲህ አለች፦

«ነፋስ መጣ በደጃፌ፣
ዓሣ ሸተተኝ እስከ አፌ፤
በጣቱ ነካው ጸጉሬን፣
ማን ነገረው ሰፈሬን?»

እናቷ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ማርቆስ፣ ሰማህ?» አሉ። «ግጥም ነው እኮ።»

መስከረም ሲመጣ አቶ ማርቆስ ልጃቸውን አዲስ ቀሚስ አልብሰው ትምህርት ቤት ወሰዷት።

ትርሲት በጣም ፈርታለች፤ ደግሞም በጣም ጓጉታለች። ልቧ ድም ድም ይላል።

በሩ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ ማን ያስተምራታል? ወደ ቤት ይውሰዷት» አሉ።

«አባዬ፣ ምን አሉ?» አለች ትርሲት፣ መዳፏን ዘርግታ።

አባቷ መጻፍ አልፈለጉም። ግን ልጃቸውን መዋሸትም አልፈለጉም።

እ። ም። ቢ።

«ለምን?» አለች ትርሲት።

አባቷ እጇን ይዘው መንገድ ጀመሩ።

ትርሲት አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ቀን ግጥም አልመጣላትም።

በኋላ መምህር ኢያሱ የሚባሉ ዓይነ ስውር አስተማሪ ስለ እሷ ሰሙ። ነጭ በትራቸውን «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» እያደረጉ እቤቷ ድረስ መጡ።

ብሬል አስተማሯት። ብሬል ወረቀት ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው፤ በጣት ይነበባሉ፣ በብረት ጫፍ «ጥቅ፣ ጥቅ» እየተደረጉም ይጻፋሉ።

ትርሲት አነበበች። ጻፈች። አደገች።

ግጥሟን ሰዎች ወደዱት። እሷ ቆማ በድምፅዋ ትላለች፤ እናቷ አጠገቧ ቆመው፣ ሰዎቹ ሲስቁ «ሳቁ»፣ ሲያጨበጭቡ «አጨበጨቡ» ብለው መዳፏ ላይ ይጽፉላታል።

ሰፈርተኛው አሁን «ገጣሚዋ» ይላታል። ልጆች ደግሞ «እትዬ ትርሲት» ይሏታል፤ መዳፏ ላይ ከመጻፋቸው በፊትም ታ ታ ማድረግ ያውቃሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጣች። ወይዘሮ ታደለች ትባላለች፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት ቀልቷል።

«ልጅ አለኝ» አለች። «ካሌብ ይባላል። ከተወለደ ጀምሮ አያይም፣ አይሰማም። ገበያ ስወጣ በር እቆልፍበታለሁ። ምን ላድርግ?»

ወይዘሮ አስካለ ይህን ሁሉ በልጃቸው መዳፍ ላይ ጻፉ። 

ትርሲት ተነሥታ ነጭ በትሯን አነሣች። «እንሂድ» አለች።

ካሌብ ከክፍሉ ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቃል አያውቅም።

ትርሲት አጠገቡ ቁጭ አለች። ታ። ታ።

ካሌብ ደነገጠ። እጇን መታው፤ ከዚያ ነከሰው።

«ወይኔ፣ ይቅር በይኝ እታለም» አለች ወይዘሮ ታደለች፤ በድንጋጤ ትርሲት እንደማትሰማት ረስታ።

ትርሲት አልተቆጣችም። «‹ማነው?› ነው የሚለው» አለች። «እኔም እንደዚሁ እፈራ ነበር።»

መዳፏን ከፍታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። ካሌብ አልመጣም።

በማግሥቱም ሄደች። ታ ታ አለችው፤ መዳፏን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ጠበቀች። አልመጣም።

«ባይመጣስ?» አለች ትርሲት ወደ ቤት ስትመለስ። «እማዬ፣ ጨርሶ ባይመጣስ?»

እናቷም አላወቁም። ስለዚህ እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ደግሞ ሄደች፤ ደግሞም ሄደች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መዳፏ ላይ አንድ ነገር ተራመደ፤ ትንሽ፣ ሞቃት፣ የሚፈራ ነገር።

የካሌብ ጣት ነበር።

ትርሲት አልተንቀሳቀሰችም። ጣቱ መዳፏን ዞረ፤ ክንዷን ወጣ፤ ትከሻዋ ላይ ደረሰ።

ከዚያ ካሌብ ራሱ፦ ታ። ታ።

ወይዘሮ ታደለች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ማርቆስም ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አደረጉና ለካሌብ የሚሆን የፊደል ጨርቅ መስፋት ጀመሩ።

ካሌብ ጨርቁን ዳሰሰ፤ አሸተተ፤ ጉንጩን አሻሸበት። ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም።

«ይህ ልጅ መማር አለበት» አለች ትርሲት። «ከልጆች ጋር፣ ትምህርት ቤት ገብቶ።»

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ሙሉነህ ይባላሉ። ትርሲት፣ እናቷና ወይዘሮ ታደለች ቢሯቸው ገቡ።

«አይቻልም፣ ወይዘሪት ትርሲት» አሉ አቶ ሙሉነህ። «መምህሮቼ አያውቁበትም። ቢወድቅብኝስ? ቢጠፋብኝስ?»

አቶ ሙሉነህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈርተው ነበር።

«እኔ አውቅበታለሁ» አለች ትርሲት፣ እናቷ መዳፏ ላይ ሲጽፉላት። «አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

አቶ ሙሉነህ መስኮት መስኮቱን አዩ። «አይቻልም» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

ትርሲት ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። «በወላጆች ስብሰባ ቀን ግጥም ባነብስ?» አለች።

«ግጥም?» አሉ አቶ ሙሉነህ። «ግጥም እንኳ ይቻላል።»

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ግቢው በወላጆች ሞላ፤ ልጆች በየቦታው ይሯሯጣሉ።

ወይዘሮ ታደለች የካሌብን እጅ ይዛ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። አቶ ሙሉነህም እዚያው አካባቢ እንግዳ ይቀበላሉ።

ትርሲት የእንጨቱ መድረክ ላይ ወጣች። እናቷ መዳፏን ያዙና «ብዙ ሰው» ብለው ጻፉ።

ልቧ ድም ድም፣ ድም ድም አለ። ማይክሮፎኑን በእጇ ዳሰሰችና ጀመረች፦

«ደወል ተደወለ በማለዳ፣
ልጅ ሁሉ ሮጠ በሜዳ፤
አንዱ ልጅ ግን ቤት ቀረ፣
ለእሱስ ማን ነገረ?

መዳፉ ተዘርግቶ ይጠብቃል፣
ፊደል ብትጽፉበት ያውቃል…»

በዚህ መሃል፣ ከኋላ፣ ልጆች ተያይዘው ሲሮጡ ካሌብን ገፉት። እጁ ከእናቱ እጅ አመለጠ።

ካሌብ ፈራ። ዞሮ ወደማያውቀው ሮጠ።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ከበሩ ውጭ መንገድ ነው፤ መንገዱ ላይ ባጃጆች «ጵጵ፣ ጵጵ» እያሉ ይከንፋሉ።

ሁሉም ሰው የሚያየው መድረኩን ነው። ካሌብን ከመድረኩ ላይ ያዩት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

በልጃቸው መዳፍ ላይ በችኮላ «ካሌብ ሮጠ» ብለው ጻፉና እጇን ለቀው ወረዱ።

ትርሲት ብቻዋን ቀረች። መዳፏ ላይ ምንም የለም፤ አየር ብቻ።

እግሯ መሮጥ ፈለገ። ግን ወዴት?

ልቧ ድም ድም፣ ድም ድም፣ ድም ድም። ቢወድቅስ? መንገድ ላይ ቢወጣስ? ደርሰውበት ይሆን?

ሰዎች ሮጠው አንገቱን ቢይዙት፣ አፋፍሰው ቢያነሡት የበለጠ እንደሚፈራ ታውቃለች። ይታገላል፤ ያመልጣቸዋል።

ስለዚህ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። «ካሌብ አጠገብ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጩኹ፣ አትጎትቱት» አለች። «ከፊቱ ቁሙለት። ትከሻውን ሁለቴ ንኩት፤ ቀስ ብላችሁ። ታ። ታ። ያኔ ይቆማል።»

ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶ በሩ ድረስ ሄደ።

በሩ ላይ የደረሱት አቶ ሙሉነህ ነበሩ። ክንዳቸውን ዘርግተው ካሌብን ሊቀልቡት ነበር።

የትርሲትን ቃል ሰሙ። ክንዳቸውን አጠፉ፤ ከልጁ ፊት ተንበረከኩ።

ካሌብ መጥቶ ደረታቸው ላይ ተላተመ። እጁን ለመማታት አነሣ።

አቶ ሙሉነህ በሁለት ጣታቸው ትከሻውን ነኩት። ታ። ታ።

የካሌብ እጅ አየር ላይ ቆመ።

ታ። ታ።

ካሌብ ተነፈሰ። ጣቱን ልኮ የአቶ ሙሉነህን ፊት፣ አፍንጫ፣ ጢም ዳሰሰ፤ ከዚያ የክራቫታቸውን ጫፍ ጨበጠና ያዘ።

መድረኩ ላይ ትርሲት አሁንም ምንም አላወቀችም። መዳፏን እንደዘረጋች ቆማለች።

ታ። ታ። እናቷ ተመለሱ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ጻፉ፦ «ደህና ነው።»

ትርሲት ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ትንሽ ቆይታም የግጥሟን መጨረሻ አለች፦

«ቦታ የለም አትበሉኝ፣
ጥጉን ብቻ ልቀቁልኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ ዞሮ አቶ ሙሉነህን ያያል።

አቶ ሙሉነህ ካሌብ ክራቫታቸውን እንደያዘ ወደ መድረኩ መጡ። ወይዘሮ አስካለን «እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው ጠየቁ።

«በጣትዎ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አንድ በአንድ፣ ሰፋ አድርገው።»

አቶ ሙሉነህ የትርሲትን መዳፍ ያዙ። ስንት ዓመት ፊደል ያስተማሩት ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ጣታቸውን ቀስ አድርገው አስኬዱ።

ይ።

ማ።

ትርሲት ጠበቀች። የመጨረሻው ፊደል ግን ተጣሞባት አልገባትም።

«ይቅርታ፣ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ» አለች። «ቀስ ብለው።»

አቶ ሙሉነህ ግንባራቸውን ጠረጉና እንደገና ጻፉ።

ር።

«ይማር» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ታደለች ልጇን አቅፋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ግቢው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሕፃናቱ ደግሞ ካሌብን ከበው፣ ተራ በተራ፣ ታ ታ አሉት።

ትምህርት ተጀመረ። ካሌብ ከጥግ ባለው ወንበር ተቀመጠ፤ ትርሲትም ከጎኑ።

መጀመሪያ ላይ አለቀሰ። ደብተሩን ወረወረ፤ ጫማውን አውልቆ ወረወረ፤ አቶ ሙሉነህም በየዕለቱ በመስኮት ብቅ እያሉ «ይችል ይሆን?» እያሉ ይጨነቁ ነበር።

ትርሲትም ትጨነቅ ነበር። ግን በየማለዳው መዳፉን ከፍታ ትጽፍ ነበር።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ። አንድ ቀን ካሌብ «እ» ተጽፋ «ማ» ስትከተል፣ ሁለቱ አንድ ላይ እናቱ ማለት እንደሆነ ገባው።

ከዚያማ ማን ያቁመው። በሩን እየነካ ስሙን ይጠይቃል፤ ወንበሩን እየነካ ስሙን ይጠይቃል፤ የአቶ ሙሉነህን ጢም እንኳ ስሙን ጠይቋል።

ይህን የሰሙ ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የትርሲትን ደጅ አንኳኩ። ትርሲትም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሄደች፤ እምቢ ባሏት ቦታ ደግማ ሄደች።

አንድ ምሽት ወይዘሮ ታደለች ካሌብን እግሩን አጠበችው፣ ፒጃማውን አለበሰችው። አልጋው ላይ አስተኝታው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።

ልትነሣ ስትል እጇን ያዛት። መዳፏን ከፈተና በትንሽ ጣቱ ጻፈ።

ነ።

ገ።

እናቱ ግራ ገባት። «ነገ?» አለች። «ነገ ምን?»

ካሌብ ከትራሱ ሥር የትምህርት ቤት ሹራቡን ጎትቶ አወጣና ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ እንደገና ጻፈ፦ ነ። ገ።

ነገም እንሄዳለን ወይ ብሎ ነበር የሚጠይቃት።

ወይዘሮ ታደለች እንባዋን ዋጥ አድርጋ የልጇን መዳፍ ከፈተች። ጽሕፈቷ ቆንጆ አይደለም፤ ግን ሰፋ አድርጋ ጻፈችለት፦ «አዎ።»

ካሌብ ሹራቡን አቅፎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ።